ከልጆች ጋር ባሌ ተራሮች ላይ ማደር፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ሰላም ቤተሰብ! ከባሌ ተመልሰን ፎቶ ከለጠፍኩ ጀምሮ ጥያቄው ጎርፏል፣ ስለዚህ ሁሉንም እዚህ ልመልስ። ከልጆቹ ጋር ስንሄድ ይህ አራተኛችን ነው። ትልቁ 8 ዓመቱ ነው፣ ትንሿ 4። ድንኳናችንን የምንተክለው ዲንሾ፣ የፓርኩ ዋና መሥሪያ ቤት ካለበት ጫካ ውስጥ ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ 2 ዓመት ከ3 ወሯ ነው። ይዣት ብሄድ ምን ይመስልሻል?

እህቴ፣ ይቻላል፣ ግን ብርዱን አስቢበት። አንቺ ዳገቱን ስትወጪ ላብ በላብ ትሆኛለሽ፣ በአንቀልባ የታዘለች ልጅ ግን ስለማትንቀሳቀስ እግሯና እጇ ይደርቃል። በየግማሽ ሰዓቱ ጣቶቿን ዳሰስ አድርጊ። ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ አንድ ሌሊት ብቻ ይበቃል።

ጥያቄ፦ ከፍታው ልጆችን አያምም ወይ? ሰነቴ አምባ ላይ፣ ከተራሮቹ አናት ባለው ሜዳ፣ ድንኳን መትከል አስበን ነበር።

ወንድሜ፣ ይህን ጥያቄ ስለጠየቅክ ደስ ብሎኛል፣ ከሁሉም በላይ ማለት የምፈልገው እሱን ነውና። ከትንሽ ልጅ ጋር ሰነቴ ላይ አትደሩ። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ዲንሾ 3,100 አካባቢ፣ ሰነቴ ግን 4,000 ይደርሳል። ሰውነት ከፍታን የሚለምደው በቀናት ነው፣ በተለይ የሚተኛበት ቦታ ወሳኝ ነው። ዲንሾ ሁለት ሌሊት እደሩ፣ በሦስተኛው ቀን በመኪና በጎባ በኩል ሰነቴ ወጥታችሁ ጥቂት ሰዓት ቆይታችሁ ውረዱ።

ትልቅ ሰው ራሴን አመመኝ ይላል። ትንሽ ልጅ አይልም። ይነጫነጫል፣ የሚወደውን ምግብ ይገፋል፣ እንቅልፍ እምቢ ይለዋል፣ ያስመልሰዋል። በሁለተኛው ጉዟችን ልጄ ሰነቴ ላይ መነጫነጭ ስትጀምር መንገዱ ሰልችቷት ነው ብለን አንድ ሰዓት ሙሉ ቆየን። ከዚያ አስመለሳት። ወዲያው ይዘናት ወረድን፣ ጎባ ስንደርስ ዳቦ ጠየቀች። ያቺ አንድ ሰዓት እስከ ዛሬ ትቆጨኛለች። ስለዚህ ከፍታ ላይ ልጅ ሁኔታው ከተቀየረ ምክንያቱ ከፍታው ነው ብላችሁ ውረዱ፣ በኋላ ሌላ ነገር ሆኖ ቢገኝ ምንም አትጎዱም። ሲራመድ ከተንገዳገደ፣ ከፈዘዘ ወይም ተቀምጦም እየተነፈሰ አየር ካጠረው ሌሊትም ቢሆን ውረዱና ወደ ሐኪም ቤት።

ጥያቄ፦ ማታ ምን ያህል ይበርዳል? ልጆቹን ምን አልብሰሽ ታስተኛለሽ?

ከኅዳር እስከ የካቲት ሰማዩ ጥርት ይላል፣ ሌሊቱ ግን ውርጭ ነው፣ ጠዋት ሣሩ ነጭ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ብርዱ ይበልጥ የሚመጣው ከታች ከመሬት ነው፣ ስለዚህ ገንዘባችሁን ወፍራም ፍራሽ ላይ አውሉት። ቀን የለበሱትን ልብስ አውልቁላቸው፣ ደረቅ ቢመስልም ላብ ይዟል። ደረቅ ካልሲ፣ የሱፍ ኮፍያ፣ ስሊፒንግ ባግ፣ ከላይ ጋቢ። እኔ ሃይላንድ ውስጥ ሞቅ ያለ ውሃ (የፈላ አይደለም) ሞልቼ በካልሲ ጠቅልዬ እግራቸው ሥር አደርጋለሁ።

እባካችሁ፣ እባካችሁ፣ ከሰል ድንኳን ውስጥ አታስገቡ። ቡታጋዝም እንዲሁ። የሚገድለው ጋዝ ሽታ የለውም፣ የተኛ ሰው አይነቃበትም። ብርድ በጋቢ ይቻላል።

ጥያቄ፦ ምግብስ?

በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ እና ጭኮ። በአርሲ በኩል ስታልፉ ጭኮ ካገኛችሁ ግዙ፤ ገብስና ቅቤ ስለሆነ ትንሿ ቁራሽ ልጅን ረጅም መንገድ ታስኬዳለች። ማታ ሽሮ። ዲንሾ ላይ ውሃ የሚፈላው 90 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ስለዚህ ሩዝና መኮሮኒ ከቤታችሁ ይልቅ ብዙ ይቆያል፣ ጋዝ ጨመር አድርጋችሁ ያዙ። የምንጭ ውሃ ካፈላችሁ ሦስት ደቂቃ ሙሉ ይንተክተክ።

ጥያቄ፦ የ5 ዓመት ልጅ ስንት ኪሎ ሜትር ይሄዳል? የኔ ቶሎ ይሰለቻል።

ሦስት፣ ቢበዛ አራት። ግን በኪሎ ሜትር አታስቢው። ልጅ እንሂድ ሲሉት ይደክመዋል፣ እንፈልግ ሲሉት ይሮጣል። ዲንሾ ለዚህ የተሠራ ቦታ ነው፤ ኮሶና ጥድ መሐል የደጋ አጋዘን ቆሞ ያያችኋል፣ ከርከሮው ቤተሰቡን አስከትሎ ያልፋል። የኔዎቹ ሰነቴ ላይ ያበዱት ለፍልፈሉ ነው። ግዙፉ ፍልፈል ከባሌ ሌላ የትም የለም። ከጉድጓዱ ጭንቅላቱን ብቅ አድርጎ ግራ ቀኝ ሲያይ ልጆች ትንፋሻቸውን ይይዛሉ።

ለትልቁ ልጄ ፊንጫ ሀበራ የሚባለውን የዋሻ መጠለያ ታሪክ ነገርኩት። ተመራማሪዎች በ2019 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እንዳሳወቁት፣ ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት ሰዎች እዚያ 3,469 ሜትር ከፍታ ላይ ይኖሩ ነበር፣ የሚበሉትም ይህንኑ ፍልፈል ጠብሰው ነበር። ልጁ ዝም ብሎ አሰበና «ልጆችም ነበሯቸው?» አለኝ። ከዚያ በኋላ የሰለቸኝ ቃል አልወጣውም።

አስጎብኚ ከዲንሾ ያዙ፣ ፈረስም ይከራያል። ለመመለሻው ፈረስ መያዝ ብልህነት ነው።

ጥያቄ፦ ከዋሽንግተን በሐምሌ እንመጣለን። ልጆቹ 6 እና 9 ናቸው።

ሐምሌ ዝናብና ጭጋግ ነው፣ ድንኳን ውስጥ እርጥብ ልጅ ማድረቅ ደግሞ ያስለቅሳል። ለገና ዕረፍት ብታደርጉት እመርጣለሁ። ከሐምሌ ሌላ ካልተቻለ ድንኳኑን ተዉትና ሎጅ እደሩ። በየትኛውም ወር ከባሕር ጠለል ብዙም ከማይርቅ ከተማ ነው የምትነሱት፣ ስለዚህ መጀመሪያ አዲስ አበባ ሦስት ቀን ዕረፉ። ከመነሳታችሁ በፊት የመንገዱን ሁኔታ እዚያው ላሉ ሰዎች ደውላችሁ ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ውሻችንንስ ይዘን እንሂድ?

አይሆንም። ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ የቀረው ከ500 የማይበልጥ ለአቅመ መራባት የደረሰ ነው፣ ከግማሽ በላዩም ባሌ ነው። ዋናው ገዳዩ ከውሻ የሚተላለፍ የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ውሻችሁ ቢከተብም ቤት ይቆይ።

ጥያቄ፦ የልጅ ልጆቼ ሊሄዱ ነው። እኔ ጉልበቴን ያመኛል፣ ብቀርስ?

እማማ፣ አይቅሩ! መኪና መንገዱ ሰነቴን አቋርጦ ያልፋል። ደም ግፊት ወይም ልብ ካለብዎት ግን አስቀድመው ሐኪምዎን ያማክሩ። ቀይ ቀበሮ አይጥ የሚያድነው በቀን ስለሆነ ከመኪናው ሳይወርዱ የማየት ዕድልዎ ጥሩ ነው። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ከጎባ ተነሱ፣ እርስዎ በመስኮት በኩል ይቀመጡ።