በቀዝቃዛ ውሃ የሚሟሟ የፒቪኤ ክር እስከ ሙቅ ውሃ ድረስ እንዲቆይ ስለማድረግ

ውድ ጠያቂ፣ ጥያቄዎን ደጋግሜ አነበብኩት። በእጅዎ ያለው በቀዝቃዛ ውሃ የሚሟሟ የፖሊቪኒል አልኮል ክር፣ ማለትም ሁላችንም ፒቪኤ የምንለው ነው፤ የሃይድሮሊሲስ መጠኑም (ከአሲቴት ቡድኖቹ ወደ ሃይድሮክሲል የተለወጡት ድርሻ) 88 በመቶ እንደሆነ ከክሩ ጋር በመጣው ወረቀት ላይ ተጽፏል። የሚፈልጉት ክሩ በክፍል ሙቀት ውሃ ውስጥ 4 ሰዓት ያህል ሳይፈርስ እንዲቆይ፣ የጨርቁ ሥራ ሲያልቅ ደግሞ በ70 ዲግሪ ሴልሺየስ ውሃ ያለ ቅሪት ተሟሙቶ እንዲወጣ ነው። ለዚህ ብለው በውሃ በተበጠበጠ ግሉታራልዲሃይድ (የክሩን ሞለኪውሎች እርስ በርስ በሚያስር የአልዲሃይድ ዓይነት ኬሚካል) ውስጥ ቢነክሩት ሙጫ ሆኖ ከወረንጦው ጋር ተጣበቀ፤ የግሉታራልዲሃይዱን መጠን ቢጨምሩም ያው ሆነ። በዚህ ዓይነት ክር ላይ ለዓመታት ስለሠራሁና እርስዎ በገቡበት መንገድ እኔም ብዙ ጊዜ ስላጠፋሁ፣ መልሱን ሰፋ አድርጌ እጽፋለሁ።

ከሁሉ አስቀድሞ «ክሩ እንዳይሟሟ» ማድረግና «ክሩ በሙቅ ውሃ ብቻ እንዲሟሟ» ማድረግ መለየት አለባቸው፤ ሲነገሩ ቢቀራረቡም በኬሚስትሪ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ግሉታራልዲሃይድ የመጀመሪያውን ይሠራል፤ ሁለተኛውን ግን ያበላሻል። አንዱ ጫፉ በአንድ የፒቪኤ ሰንሰለት (ረጅም ሞለኪውል)፣ ሌላው ጫፉ በጎረቤቱ ሰንሰለት ላይ ሲታሰር የሚፈጠረው መስቀለኛ ትስስር ኮቫለንት፣ ማለትም አተሞች ኤሌክትሮን ተጋርተው የሚያያዙበት ጠንካራ ትስስር ስለሆነ ሙቅ ውሃ አይፈታውም፤ በበቂ መጠን የተሳሰረ ክር በ20 ዲግሪም ሆነ በ95 ዲግሪ ውሃ ጠጥቶ ያብጣል እንጂ አይሟሟም። የእርስዎ ፍላጎት ግን ክሩ የሚሟሟበትን ሙቀት ከፍ ማድረግ ነው፤ ይህን በዋናነት የሚወስነው ደግሞ በፋይበሩ ውስጥ ያለው የክሪስታል መጠንና ጥንካሬ ነው።

የፒቪኤ ሰንሰለት በየሁለት ካርቦኑ አንድ የሃይድሮክሲል ቡድን ተሸክሟል። እነዚህ ቡድኖች ውሃን ይስባሉ፤ እርስ በርሳቸውም በሃይድሮጅን ትስስር ይያያዛሉ። ሰንሰለቶቹ ተስተካክለው ጎን ለጎን በተደረደሩበት ቦታ ክሪስታል ይሠራሉ፤ ውሃ ያንን ሰብሮ ለመግባት ሙቀት ያስፈልገዋል። ቪኒል አልኮል ለብቻው የማይረጋና ወደ አሴታልዲሃይድ የሚለወጥ በመሆኑ፣ ፒቪኤ የሚሠራው ከፖሊቪኒል አሲቴት ነው፤ የአሲቴቱ ቡድኖች ተነቅለው ሃይድሮክሲል ብቻ ይቀራል። 88 በመቶ ሲባል እንግዲህ ከ100 ቡድኖች 12ቱ ገና አሲቴት ናቸው ማለት ነው። እነዚህ ከሃይድሮክሲሉ ይልቅ ግዙፍ ስለሆኑ ሰንሰለቶቹ ተጠጋግተው እንዳይደረደሩ ይከለክላሉ፤ ክሪስታሉ ትንሽና ደካማ ይሆናል፤ ክሩም በቀዝቃዛ ውሃ ይበተናል። 98 ወይም 99 በመቶ የደረሰው ግን በሚገባ ስለሚደረደር፣ በደንብ የተሳበና በሙቀት የታከመ ከሆነ ከ80 እስከ 95 ዲግሪ የሚደርስ ውሃ ካላገኘ አይሟሟም። ውሃ ወዳዱ ቡድን ሲበዛ መሟሟት የሚከብድ መሆኑ ለጀማሪ እንግዳ ነገር ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው።

የእርስዎ ክር ሙጫ የሆነው ውሃው ከአልዲሃይዱ ቀድሞ ስለደረሰ ነው። ግሉታራልዲሃይድ ያለ አሲድ በጣም ዝግ ብሎ ይሠራል፤ ውሃው ግን ለ88 በመቶ ክር ጥቂት ሰከንድ ይበቃዋል፤ ስለዚህ መጠኑን መጨመር የሚለውጠው ነገር አልነበረም። የትኛውም ሕክምና ክሩን በማያሟሟ ፈሳሽ ውስጥ መደረግ አለበት፤ ሜታኖል፣ አሴቶን፣ ወይም ሶዲየም ሰልፌት በብዛት የሟሟበት ውሃ ለዚህ ይሆናል። የመጨረሻው ውሃ ሆኖ ሳለ ክሩን የማያፈርሰው ጨው ውሃውን ለራሱ ስለሚይዘው ነው፤ በፋብሪካም የፒቪኤ ፋይበር ከመርፌው ቀዳዳ ወጥቶ የሚረጋው ብዙ ጊዜ በዚሁ የሶዲየም ሰልፌት ገንዳ ውስጥ ነው።

መጣበቁን በእንፋሎት ማስቀረት ይቻላል፤ ሆኖም ዋናውን ችግር አይፈታም። አንድ ጊዜ ከዚህ ክር የተሠራ መረብ በዴሲኬተር (አየር እንዳይገባ በሚዘጋ የላቦራቶሪ ዕቃ) ውስጥ ለግሉታራልዲሃይድና ለሃይድሮክሎሪክ አሲድ እንፋሎት አጋለጥኩ። መረቡ አልተጣበቀም፤ በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሌሊቱን ሙሉ ቢያድርም ቅርጹን ጠበቀ፤ እኔም ሥራው የተሳካ መስሎኝ በጥጥ ጨርቅ ላይ ተጠቀምኩበት። ጨርቁን በ90 ዲግሪ ውሃ ሳጥበው ክሩ ከዓይን ተሰወረ፤ ከጨርቁ ግን አልወጣም። በጣቴ ስዳስሰው በጥጡ ክሮች መካከል የሚያሟልጭ፣ ቀለም የሌለው ነገር ይሰማኝ ነበር፤ ሲደርቅም ጨርቁ እንደ ካርቶን ደረቀ፤ በአጉሊ መነጽር ሳየው ያበጠው ጄል ወደ ቀጭን አንጸባራቂ ሽፋን ተለውጦ ጥጡን አጣብቆታል። ውሃውን ሦስት ጊዜ ብለውጥም የሚወጣ አልሆነም። ከዚያ ወዲህ፣ ኋላ መውጣት ላለበት ክር አልዲሃይድ ተጠቅሜ አላውቅም።

ክሪስታሉ ቀድሞ ትስስሩ መከተል እንዳለበት ከፒቪኤ የሚሠራው የቪናይሎን ፋይበር ታሪክም ያሳያል። ኢቺሮ ሳኩራዳ፣ ሪ ሱንግ ጊና ባልደረቦቻቸው በ1939 በኪዮቶ ፒቪኤን ውሃ የማይጎዳው የልብስ ፋይበር ሲያደርጉ ፎርማልዲሃይድን ብቻ አልተማመኑም። በዚህ ፋይበር ሥራ መጀመሪያ ፋይበሩ በከፍተኛ ሙቀት ታክሞ ክሪስታሉ ይጠነክራል፤ ቀጥሎ ፎርማልዲሃይድ በሰልፈሪክ አሲድ እየታገዘ ከክሪስታሉ ውጭ ባሉት ልቅ ቦታዎች ያሉትን ሃይድሮክሲሎች ይይዛል። የእርስዎ ሥራ የዚህን የመጀመሪያ እርምጃ ብቻ ይፈልጋል።

ይሁን እንጂ የ88 በመቶ ክር አሲቴቱ እንቅፋት ስለሚሆን በሙቀት ብቻ ሩቅ አይሄድም። ስለዚህ የምመክረው አሲቴቱን በልክ ቀንሶ ከዚያ ማሞቅ ነው፤ ፋብሪካው በ88 ያቆመውን ሥራ እርስዎ በክሩ ላይ ጥቂት ያስቀጥሉታል ማለት ነው። ውሃ የሌለበት ሜታኖል ውስጥ ከክብደቱ ግማሽ በመቶ የሚሆን ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ (ከዚህ በታች አልካሊ የምለው እርሱን ነው) ያሟሙ። ክሩን እንዳይሸበሸብ ከማይዝግ ብረት በተሠራ ማዕቀፍ ላይ ሳይላላም ሳይወጠርም ጠቅልለው በክፍል ሙቀት ይንከሩት። አሲቴቱ ከሜታኖሉ ጋር ሜቲል አሲቴት ሆኖ ይወጣል፤ አልካሊው በዚህ ውስጥ ካታሊስት ብቻ (ራሱ ሳያልቅ ሥራውን የሚያፋጥን) ስለሆነ ትንሹ ይበቃል። ውሃ ካለ ግን አልካሊው ወደ ሶዲየም አሲቴት እየተለወጠ ያልቃል፤ ሥራውም በመካከል ይቆማል። እኔ ከአንድ ማዕቀፍ በ5፣ በ10፣ በ20፣ በ40 እና በ80 ደቂቃ ናሙና እየቆረጥኩ አወጣለሁ፤ የክሩ ውፍረትና የፋይበሩ ጥግግት ስለሚለያይ የእኔ ደቂቃ ለእርስዎ አይሆንም፤ የራስዎን መስመር መሥራት ይኖርብዎታል። የወጣውን ናሙና ጥቂት አሴቲክ አሲድ ባለበት ሜታኖል ውስጥ ማስቆም፣ ከዚያም በንጹሕ ሜታኖል ሁለት ጊዜ ማለቅለቅ ያስፈልጋል። ይህ ማለቅለቅ ቀላል መስሎ ይታለፋል፤ ነገር ግን በክሩ ውስጥ የቀረ ሶዲየም አሲቴት ኋላ በኦቭን ውስጥ ክሩን ቢጫ ያደርገዋል።

ሜታኖል ትነቱም በቆዳ በኩል የሚገባውም መርዝ ነው፤ ዓይነ ስውርነትና ሞት ያስከትላል። በ11 ዲግሪ እንኳ የሚወጣው ትነት በእሳት ብልጭታ ይያያዛል፤ ስለዚህ ሥራው አየር በሚስብ ሁድ ውስጥ፣ ነበልባልና ብልጭታ በሌለበት፣ በጓንትና በመነጽር ይሁን። ክሩ ላይ ያለው ሜታኖል ሙሉ በሙሉ ተንኖ ሳያልቅ ወደ ኦቭን አይግባ።

በዚህ ሥራ በጣም የሚያስቸግረው የፋይበሩ ቆዳና ልብ ልዩነት ነው። አልካሊው ከውጭ ወደ ውስጥ ስለሚገባ የፋይበሩ ቆዳ 98 በመቶ ሲደርስ ልቡ ገና 88 ላይ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለ ክር በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ለጥቂት ደቂቃ ደህና ይመስላል፤ ከዚያ ውሃው በተቆረጠው ጫፍ በኩል ገብቶ ልቡን ያሟሟዋል። ለማወቅ አንድ ፋይበር በሹል ምላጭ ቆርጠው በመስተዋት ላይ ያድርጉት፤ አንድ ጠብታ ቀዝቃዛ ውሃ እየጨመሩም ጫፉን በማይክሮስኮፕ ይመልከቱ። ልቡ ያልታከመ ከሆነ ከጫፉ እንደ ወፍራም ማር ያለ ነገር ተገፍቶ ሲወጣ፣ ቆዳውም እንደ ባዶ ቱቦ ሲቀር በግልጽ ይታያል። ይህን ካዩ አልካሊውን መጨመር ልዩነቱን ያባብሰዋል እንጂ አያስተካክለውም፤ ይልቁን አልካሊውን በግማሽ ቀንሰው ጊዜውን ያራዝሙት። ክሩን አስቀድሞ አልካሊ በሌለው ሜታኖል ውስጥ ለአንድ ሰዓት ማቆየትም በጣም ይረዳል።

ከዚያ ማሞቁ ይከተላል። ክሩ ደርቆ፣ ጫፎቹ በማዕቀፉ ላይ ታስረው፣ በ130 ዲግሪ ለ10 ደቂቃ ይጀምሩ። ጫፉ ካልታሰረ ይሰበሰባል፤ እርጥበት ካለበት ደግሞ ፋይበሮቹ እርስ በርስ ይጣበቃሉ። ከ200 ዲግሪ በላይ ከሄደ ፒቪኤ ውሃ እየለቀቀ ቢጫ ይሆናል፤ ለእርስዎ ግብ ግን እዚያ የሚያደርስ ነገር የለም።

እያንዳንዱን ናሙና በአንድ ዓይነት መንገድ ይፈትኑ። እኔ 10 ሴንቲ ሜትር ክር ከታች 2 ግራም ክብደት አንጠልጥዬ በቢከር ውሃ ውስጥ አወርደዋለሁ፤ ቴርሞሜትሩን ከክሩ ጎን አድርጌም ውሃውን ከ20 ዲግሪ ጀምሬ በየደቂቃው 2 ዲግሪ አሞቀዋለሁ። ክሩ መጀመሪያ ይሰበሰብና ክብደቱን ወደ ላይ ይስበዋል፤ ትንሽ ቆይቶ ይለሰልሳል፤ ከዚያ ይበጠሳል። መሰብሰብ የጀመረበትን፣ የተበጠሰበትንና ቁርጥራጩ ከዓይን የጠፋበትን ሙቀት ለየብቻ ይመዝግቡ። መሰብሰቡን ችላ አይበሉት፤ ጨርቅዎን የሚያጨማድደው እርሱ ነው፤ ከመበጠሱም ብዙ ዲግሪ ቀድሞ ሊመጣ ይችላል። የ4 ሰዓቱ ቆይታ ደግሞ ለብቻው በ25 ዲግሪ ይፈተን፤ በፍጥነት ሲሞቅ 60 ዲግሪ የደረሰ ክር ረጅም ሰዓት በቀዝቃዛ ውሃ ሲቀመጥ ሊላላ ይችላል። ቅሪት መኖሩን ለማወቅ የመጨረሻውን ማለቅለቂያ ውሃ ጥቂት ወስደው ቦሪክ አሲድና በፖታሲየም አዮዳይድ የሟሟ አዮዲን ይጨምሩበት፤ ወደ ሰማያዊ አረንጓዴ ከተለወጠ ፒቪኤው ገና እየወጣ ነው። ጨርቁ በስታርች የተቀባ ከሆነ ስታርችም በአዮዲን ስለሚጠቁር ይህ ፈተና እንዳያሳስትዎ።

ስለ ቦራክስ (ቦሬት የሚሰጥ የቦሮን ጨው) የጠየቁ ሌሎችም አሉ። ቦሬት ከሃይድሮክሲሎቹ ጋር የሚፈጥረው ትስስር በአልካሊ ውስጥ ይጠብቃል፤ አሲድ ሲገባ ወይም ውሃው ሲሞቅ ይላላል፤ ስለዚህ የሚፈታ ትስስር ለሚፈልግ ሰው ጥሩ ነው። ነገር ግን በብዙ ውሃ ውስጥ ቦሬቱ ራሱ እየታጠበ ይሄዳል፤ ለ4 ሰዓት አልተማመንበትም፤ ለደቂቃዎች መዘግየት ግን ይበቃል። ሲትሪክ አሲድ ከሃይድሮክሲሎቹ ጋር በሙቀት የሚሠራው ኤስተር የተባለ ትስስር እንደ አልዲሃይድ መርዛማ ባይሆንም በሙቅ ውሃ ብቻ በቀላሉ ስለማይፈታ ለእርስዎ አይሆንም። ፎርማልዲሃይድን ለመሞከር ለሚያስቡ ደግሞ ከሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጋር ፈጽሞ አያገናኙት፤ ካንሰር አምጪ የሆነው ቢስ ክሎሮሜቲል ኤተር ሊፈጠር ይችላል።

አንድ ነገር ደግሞ ጨርቁ በሚሠራበት ጊዜ አልካሊ ያለበት ሳሙና ወይም የማቅለሚያ ገንዳ ያገኘው እንደሆነ ይንገሩን። የቀረው አሲቴት እዚያም መነቀሉን ይቀጥላል፤ በ70 ዲግሪ ይወጣል ያሉት ክር 85 ዲግሪ ሊጠይቅዎ ይችላል። እንዲህ ከሆነ አልካሊ የሚነካው ሥራ ክሩ ከወጣ በኋላ ይሁን።

ናሙናዎቹ ሲፈተኑ መበጠሻቸው ከ45 ዲግሪ በታች የሆኑትን ይተዉ፤ ከ55 እስከ 65 ዲግሪ የተበጠሰውን የሜታኖል ደቂቃ ይያዙና የኦቭኑን ሙቀት በ10 ዲግሪ ብቻ ከፍና ዝቅ እያደረጉ ያስተካክሉ። ከ70 በላይ ያለፈው ሁሉ ለእርስዎ ረፍዶበታል፤ የተነቀለውን አሲቴት መመለስ ስለማይቻል በአዲስ ክር ከአጭሩ ደቂቃ ይጀምሩ። ከየጥቅሉም ያልታከመ ክር አብረው ይፈትኑ፤ ሁለት ጥቅሎች አንድ ወረቀት ይዘው መጥተው በእኔ እጅ የተለያየ ጠባይ አሳይተዋል።