ከፋሲካ ማግስት ወደ ታንዛኒያዋ ደሴት ዛንዚባር ለመሄድ ላሰብከው ወንድሜ

ከደብረ ብርሃን ተነስተህ ከባለቤትህ ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ ውጭ አገር ልትዝናና መሆኑን ጽፈህ ምክር መጠየቅህን አነበብኩ። እኛም እንደዚሁ ነበርን። የፓስፖርቱንና የቪዛውን ጉዳይ ሌሎች ነግረውሃል፤ እኔ የከሰርኩበትን ልንገርህ።

1. የቢጫ ወባ ክትባት። ከኢትዮጵያ የሚገባ ሰው ካርዱን እንደሚጠየቅ አውቅ ነበር። ያላወቅሁት ካርዱ የሚጸናው ከተወጉ ከ10 ቀን በኋላ መሆኑን ነው። እኛ በ4ኛው ቀን ሻንጣ ጎትተን ተሰለፍን። የወጋችን ነርስ ማኅተሟን ስትመታ «ጉዟችሁ መቼ ነው?» ብላ አልጠየቀችም። የአየር ማረፊያው መዝጋቢ ደግሞ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየን ጥፍሩን ቀኑ ላይ አሳርፎ «ይህ ገና አልጸናም፤ ቀጣይ!» አለ። አለቃህን ጥራልኝ ብዬ ጮኽኩ። አለቃው መጥቶ ያንኑ ደገመልኝ፤ እሱ ቢያንስ «ተቀመጡ» ብሎናል። የሁለት ሰው ቲኬትና የሦስት ሌሊት የሆቴል ክፍያ እዚያው ቀለጠ። ከገንዘቡ በላይ ያንገበገበኝ ግን ጎረቤት ሁሉ መርቆ በሸኘን ማግስት 130 ኪሎ ሜትር በሚኒባስ መመለሳችን ነው። ባለቤቴ ሰው እንዳያየን ብላ እስኪጨልም ድረስ ጠባሴ አንድ ሻይ ቤት አስቀመጠችኝ። ሦስት ሦስት ሻይ ጠጣን። ካርዱ አንዴ ከጸና የዕድሜ ልክ ነውና ነገ ዛሬ ሳትል ተከተቡ።

2. ቀኑ። ከመጋቢት እስከ ግንቦት የሚጥለውን ዋናውን ዝናባቸውን «ማሲካ» ይሉታል። የእኛ በዓል የሚውለው እዚያው መሐል ነው፤ ፋሲካን ውዬ ማሲካ ውስጥ ገባሁ! በሁለተኛው ሙከራ ተሳክቶልን ደርሰን፣ ከ5 ቀን 3ቱን ባሕሩን በመስኮት ስናይ ዋልን። ሥራህ ከፈቀደ ወደ ሰኔና ሐምሌ ግፋው። እኛ ጋ ክረምቱ ሲከብድ እዚያ ደረቅና ነፋሻማ ነው።

ሦስተኛ ብዬ ስለ ሆቴል ልጽፍ ነበር፤ እሱ እንደ ሰዉ ነው። መዋኘት ከፈለግህ ሰሜኑን፣ ኑንግዊን ያዝ። በምሥራቁ ዳርቻ በፓጄ ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ርቆ ይሸሻል። መዋኘት የማትችለው ባለቤቴ ግን የወደደችው ያንን ነው፤ የባሕር አረም ከሚያለሙት ሴቶች ጋር ጉልበቷ ድረስ ውኃ ውስጥ ቆማ ገመድ ስታስር ዋለች። እኔ ጫማ ጠባቂ ነበርኩ።

ከቪዛው ሌላ ከመስከረም 2017 ጀምሮ ደሴቱ ለብቻው የሚያስከፍለው የ44 ዶላር መድን አለ፤ ከጉዞው በፊት በኢንተርኔት ጨርሰው። ሙቀቱን ፈርቼዋለሁ ላልከው፣ ጣርማ በርን ወርደህ ሸዋ ሮቢት ካደርክ ታውቀዋለህ፤ ላቡ ብቻ አይደርቅም።

ቆሎ መያዝህ አይቀርም። በፌስታል አትያዝ፤ ታንዛኒያ ከ2011 ጀምሮ ከልክላለች። የእኛን እዚያው አራግፈው ፌስታሉን ወሰዱት፤ ቆሎው በባለቤቴ ነጠላ ጫፍ ተቋጥሮ ገባ።