ዘር ሊሞክሩ መጥተው ስለ ጎተራዬ ጠየቁኝ

ጥያቄ፦ «አዲስ የበቆሎ ዝርያ ማሳዬ ላይ እንዲሞከር ፈቅጃለሁ። ከሰብል ባለሙያው ጋር ግን ሶሲዮሎጂስት (የማኅበረሰብ አኗኗር አጥኚ) እና ኢኮኖሚስት መጡ። ማን እንደሚያርም፣ ገንዘቡን ማን እንደሚይዝ፣ እህሉ የት እንደሚቀመጥ ይጠይቃሉ። ይህ ከዘር ጋር ምን ያገናኘዋል? ልመልስላቸው?»

መልስ፦ ይመልሱላቸው።

የሰብል ባለሙያ ብቻውን ሲመጣ ብዙ ጊዜ የሚመዝነው ምርት ነው። ምርቱ ጥሩ ሆኖ በዓመቱ የሚተው ዝርያ ግን ሞልቷል። የበቆሎው ራስ እስከ ጫፉ በልባሱ ካልተሸፈነ፣ ነቀዝ ገና ማሳ ላይ እያለ ይገባበታል። ይህን ቀድሞ የሚያየው እህሉን የሚያስቀምጠው ሰው ነው። ያ ሰው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ስብሰባ ላይ አይጠራም። ሶሲዮሎጂስቱ የሚፈልገው እሱን ወይም እሷን ነው። የኢኮኖሚስቱም ጉዳይ ቀላል አይደለም። ዘሩ የተዳቀለ ከሆነ ከምርቱ ለዘር ያስቀሩት በሚቀጥለው ዓመት ይዳከማል። ስለዚህ በየዓመቱ መግዛት ሊኖርብዎ ነው።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ራያንና ግሮስ የተባሉ ሁለት ሶሲዮሎጂስቶች እ.ኤ.አ. በ1943 ባወጡት ጥናት፣ በአሜሪካ አዮዋ 259 ገበሬዎች የተዳቀለ በቆሎን እንዴት እንደተቀበሉ መርምረዋል። ወሬውን ብዙዎቹ የሰሙት ከዘር ሻጮች ነበር። ያሳመናቸው ግን ጎረቤት ነው። አብዛኞቹም መጀመሪያ የዘሩት በጥቂቱ ነበር።

እርስዎም በጥቂቱ ይጀምሩ። የለመዱትን ዝርያ አጠገቡ ይዝሩ፤ ያለሱ ማወዳደሪያ የለዎትም። የዘር ቀኑ፣ ማዳበሪያውና አረም መንቀሉ እኩል ይሁን። አዲሱን ለም ቦታ ላይ፣ የድሮውን ዛፍ ጥላ ሥር አድርገው ከዘሩ ግን ልፋቱ ከንቱ ነው። የቤተሰቡን አስተያየት ደግሞ ሚዛኑ ከመነገሩ በፊት ለየብቻ ይጠይቁ። ቁጥር ከተሰማ በኋላ ሁሉም ወደ ቁጥሩ ያደላል።

አሁን ደግሞ እርስዎ ይጠይቋቸው። ሙከራው ቢከሽፍ ኪሳራው የማን ነው? እኛ ብንጠላው ዝርያው ይቀየራል ወይስ አስቀድሞ ተወስኗል? ተወስኖ ከሆነ ሶስት ባለሙያ መምጣቱ ለይስሙላ ነው፤ እንዲህ ያለውንም በሽ አይቻለሁ። እህሉ ጎተራ ውስጥ ጥቂት ወራት ከቆየ በኋላም ተመልሰው እንዲያዩት ከአሁኑ ቃል ያስገቧቸው። ብዙዎቹ ምርቱን መዝነው ይሄዳሉ፤ ነቀዙ የሚቆጠረው ግን ከዚያ በኋላ ነው።