«ለገዛ ወንድሜ ሃምሳ ዶላር ብልክ ምን አለበት?»

ጠያቂያችን የምትኖረው አሜሪካ ነው። ረጅሙን ደብዳቤዋን አሳጥረነዋል።

«ታናሽ ወንድሜ የአእምሮ ሕመም አለበት። ኤስኤስአይ የሚባለውን የመንግሥት የወር ድጎማ ያገኛል፤ ገንዘቡ ግን በእጁ አይገባም። ድጎማውን የሚከፍለው መሥሪያ ቤት፣ ሶሻል ሴኩሪቲ፣ ታላቅ እህቴን ፔዪ (የገንዘቡ ተቀባይ) አድርጎ ስለሾማት ተቀብላ የምታስተዳድርለት እሷ ናት። ኪራዩንና አስቤዛውን ትከፍላለች፤ ለኪሱ የምትሰጠው ግን ለሕፃን የሚሰጥ ነው። እየደወለ ሲለምነኝ አንጀቴ አልችል ይላል። በካሽ አፕ፣ በስልክ ገንዘብ መላኪያው፣ ሃምሳ፣ አንዳንዴም መቶ ዶላር እልክለታለሁ። ሰሞኑን ደረሰችበትና ‹ቅጹን የምሞላው እኔ ነኝ!› ብላ ጮኸችብኝ። ከወንድሟ ወረቀት ይበልጥባታል። ድሮም እንዲህ ናት። እሱ ሲታመም እኔ ሌላ ስቴት ትምህርት ላይ ስለነበርኩ ሁሉን ነገር ጠቅልላ ያዘችው። እንዴት ላስረዳት?»

እህቴ፣ መጀመሪያ የወረቀቱን ነገር ልጨርሰው። ኤስኤስአይ የሚሰጠው ገቢውም ሀብቱም አነስተኛ ለሆነ ሰው ነው። ስለዚህ ዘመድ በጥሬው የሚሰጠው ገንዘብ እንደ ገቢ ይታያል። ሌላ ገቢ ከሌለው በወር የመጀመሪያው 20 ዶላር ይታለፍና ከዚያ በላይ ያለው ከክፍያው ይቀነሳል። የሚቆጠርበት ሀብት ከ2,000 ዶላር ካለፈ ደግሞ ክፍያው ይቆማል። ለውጥ ሲኖር ማሳወቅ ያለባት እህትሽ ናት። ገንዘቡ ምን ላይ እንደዋለም በየዓመቱ ሪፖርት ታደርጋለች። አንቺ በድብቅ ስትልኪ እሷ ሳታውቀው የተሳሳተ መረጃ ትሰጣለች። ጩኸቷ ያለ ምክንያት አይደለም።

ደብዳቤሽን ደግሜ ሳነበው ግን ሌላ ነገር ታየኝ። ጥያቄሽ ስለ ወንድምሽ ነው፤ ወንድምሽ ግን ደብዳቤው ውስጥ የለም። እህትሽን አይቻት የማውቃት ያህል ነው፤ ቁጣዋን፣ ቁጥጥሯን፣ የድሮ ጠባይዋን ሳይቀር ነግረሽኛል። ስለ እሱ የማውቀው ግን መታመሙንና ገንዘብ መጠየቁን ብቻ ነው። ቀኑን የት ይውላል? መድኃኒቱ ተስማምቶታል? ማን ይጠይቀዋል? የላክሽለትስ ገንዘብ ምን ላይ ይውላል?

እናም «ትምህርት ላይ ስለነበርኩ» ብለሽ በጨረፍታ ያለፍሽው ነገር አለ። በዚያ ጊዜ ሆስፒታል ለሆስፒታል የተንከራተተው ማን ነበር? አገር ቤት ላሉ ወላጆች «ደህና ነው፣ ሥራ በዝቶበት ነው» እያለ የዋሸውስ? እህትሽ «ጠቅልላ ያዘችው» ትያለሽ። ምናልባት ሌላ የሚይዝ ሰው አልነበረም። ትምህርትሽን ባለማቋረጥሽ አልወቅስሽም። ነገር ግን ያኔ አጠገቡ ያልነበረ ሰው፣ ዛሬ ስልክ ነክቶ በደቂቃ ደግ እህት መሆን ሲችል ልቡ ትንሽ ያርፋል። ይሄ በብዙ ቤተሰብ ያለ ነገር ነው፤ በተለይ በርቀት በሚኖር ዘመድ ላይ።

ችግሩ ዕዳው የሚወድቀው በወንድምሽ ላይ መሆኑ ነው። አሁን ባለው አካሄድ ክልከላው ሁሉ የእሷ፣ ምርቃቱ ሁሉ ያንቺ ሆኗል። እሱም አንዷ ትሰጣለች፣ አንዷ ትነፍጋለች ብሎ ማሰብ ይጀምራል። የነፈገችው ግን ቀጠሮውን የምታስታውሰው፣ መድኃኒቱን ወስደህ ወይ የምትለው ናት። በገንዘቡ ያላመናትን እህት በመድኃኒቱ ያምናታል?

ሌላም አለ። ብቸኛ ሰው፣ ያውም የእኛ ቤት ወንድ ልጅ፣ «ናፈቅሽኝ» ከማለት «ሃምሳ ዶላር ላኪልኝ» ማለት ይቀለዋል። አንቺም ትልኪያለሽ፣ እሱም ይመርቅሻል፣ ስልኩም ይዘጋል። በሁሉም ጥሪ እንዲህ ነው ማለቴ አይደለም። ግን ገንዘቡ ወሬውን እያሳጠረው እንዳይሆን ራስሽን ጠይቂ።

በአንድ ነገር ከአንቺ ጋር ነኝ። ትልቅ ሰው ኪሱ ባዶ ሆኖ መዋል የለበትም። ጓደኛውን አንድ ማኪያቶ መጋበዝ ካልቻለ ያሳፍረዋል። ፔዪ መሆንም እንደ ልጅ ማሳደግ አይደለም፤ ኪራይና ምግብ ከተሟላ በኋላ ለግል ፍላጎቱም ገንዘብ እንዲደርሰው ማድረግ ከሥራዋ አንዱ ነው። የኪሱ ገንዘብ ይጨመር የሚለው ክርክርሽ ትክክል ሊሆን ይችላል። ግን እሱም እህትሽም ባሉበት ይነገር።

ስለዚህ «እንዴት ላስረዳት» የሚለውን ለጊዜው ተዪው። መጀመሪያ ለእህትሽ ደውዪና እሱ የታመመ ጊዜ እንዴት እንዳለፈችው ጠይቂያት፤ ስትመልስ አትከራከሪያት። ከዚያ ሸክሙን መካፈል ከፈለግሽ፣ የስልኩን ሒሳብ በቀጥታ ለድርጅቱ መክፈል እንደ ገቢው አይቆጠርበትም። ምግብ መግዛትም ከመስከረም 2024 መጨረሻ (በፈረንጆች) ወዲህ ክፍያውን አይነካም። ኪራይ ግን የተለየ ነው፤ እሱን ከማድረግሽ በፊት እህትሽ ሶሻል ሴኩሪቲ ቢሮን ትጠይቅ። እስካሁን የላክሽውንም ንገሪያትና እንዴት እንደሚስተካከል አብራችሁ ጠይቁ።

የሁለታችሁ ነገር ግን በአንድ ስልክ የሚያልቅ አይመስለኝም። ናሚ የሚባለው ድርጅት የአእምሮ ሕመምተኛ ላላቸው ቤተሰቦች ነፃ ትምህርት ይሰጣል። ከተቻለ ሦስታችሁም፣ ካልተቻለ ሁለታችሁ፣ የቤተሰብ አማካሪ ፊት በአካል ብትቀመጡ ይሻላል። ሃምሳው ሲቀር ወንድምሽ ሊቆጣ፣ ለተወሰነ ጊዜም ስልክሽን ላያነሳ ይችላል። በዚያ ጊዜ ተሸንፈሽ እንዳትልኪ። መደወሉን ግን አታቋርጪ።