«የውርጭ መከዳ»፦ ለትንንሽ የተራራ ተክሎች ስም ፍለጋ

ጥያቄ፦ የምኖረው በኖርዌይ ነው። ሰገነቴ ላይ፣ በሸክላ መትከያ ውስጥ፣ ቁመታቸው ከአምስት ሳንቲ ሜትር የማይበልጥ፣ ድቡልቡል ብለው መሬት ላይ የሚቀመጡ የተራራ ተክሎች አሉኝ፤ ከሁሉም የምወደው ሐምራዊ ሮዝ አበባ የሚያወጣውን ሲሌኔ አካውሊስ ነው። ስለ አያያዛቸው በአማርኛ ልጽፍ ስነሣ ስማቸው አስቸገረኝ። «አልፓይን ትራስ ዕፅ» ብል ያስኬዳል? «ትራሳማ ዕፅዋቶች» ማለትስ? «ይህን ዕፅ በክረምት ማጠጣት ይገድለዋል» የሚለውን ዐረፍተ ነገሬንም ቢያርሙልኝ ደስ ይለኛል።

መልስ፦ ከ«ትራስ» እንነሣ። ቃሉ ከ«ራስ» የወጣ ነው፤ በግእዝ «ትርኣስ» ራስ የሚያርፍበት ነገር ሲሆን፣ አማርኛም «ተንተራሰ» በሚለው ግስ ይህንኑ ትርጉም እስከ ዛሬ ጠብቆታል። ስለዚህ «ትራስ» ሲባል በአንባቢ ዓይን የሚመጣው አልጋና ራስጌ ነው። «መከዳ» ግን ሰው የሚደገፈው ወይም የሚቀመጥበት፣ ውስጡ የታጨቀ፣ ላዩ ያበጠ ነገር ነው። በብዙ ቤት ሁለቱ ቃላት እየተለዋወጡ እንደሚነገሩ አውቃለሁ፤ «ትራስ» ማለትም ስሕተት አይደለም። ይሁን እንጂ ተክሉን ቀረብ ብሎ ላየው ሰው «መከዳ» ይበልጥ ይስማማዋል። በጣትዎ ጫን ሲያደርጉት እምብዛም አይሰረጉድም፤ ከአንድ ሥር የተነሡ ብዙ ጥቃቅን ቅርንጫፎች እኩል ቁመት ላይ ቆመው፣ ጫፍ ለጫፍ ተጠጋግተው አንድ ወጥ ገጽ ሠርተዋልና። ጠርዙን ገለጥ አድርገው ወደ ውስጥ ሲመለከቱ ደግሞ አረንጓዴው የላይኛው ስስ ሽፋን ብቻ ሆኖ ያገኙታል፤ ከሥሩ ያለው ያለፉት ዓመታት የደረቀ ቅጠል ነው፤ ሳይረግፍ እዚያው ቀርቶ፣ ነፋስ ያመጣውን አቧራ ይዞ፣ ውሃ እየመጠጠ ቡናማ ሆኗል። መከዳ በጭድ ወይም በጥጥ እንደሚታጨቅ፣ ይህ ተክል በራሱ አሮጌ ቅጠል ታጭቋል። ፀሐይ በወጣችበትና ነፋስ በሌለበት ቀን የመከዳው ሙቀት ከአካባቢው አየር ከ10 ዲግሪ በላይ ሊበልጥ የሚችለውም በዚህ አሠራሩ ነው።

«ትራሳማ» የሚለውን ግን አልደግፈውም። «-ማ» የተባለው ቅጥያ ስለ ቦታ ሲነገር መብዛትን ያመለክታል፤ ድንጋያማ፣ ተራራማ፣ ረግረጋማ እንላለን። ስለ ቀለም ሲነገር መምሰልን ያመለክታል፤ ወርቃማ፣ ብርማ እንላለን። ለቅርጽ ግን እምብዛም አልተለመደም፤ «ትራሳማ» ያነበበ ሰው ትራስ የበዛበትን ነገር ቢያስብ አይፈረድበትም። ለቅርጽ የቆየው ቃላችን «መሰል» ነውና «መከዳ መሰል» ይበሉ።

«ዕፅ» ሌላ ጥንቃቄ ይሻል። በግእዝ ዛፍና እንጨት ማለት የነበረው ይህ ቃል፣ በዛሬው አማርኛ በነጠላው ሲነገር «አደንዛዥ ዕፅ» ከሚለው ጋር በጣም ስለተቆራኘ፣ «ሰገነቴ ላይ ዕፅ አለኝ» ብሎ መጻፍ ያልታሰበ ትርጉም ያስከትላል። በብዙ ቁጥሩ «ዕፅዋት» ሲባል ይህ ችግር የለበትም፤ ነገር ግን ራሱ ብዙ ስለሆነ «ዕፅዋቶች» ብሎ ሁለተኛ ማብዣ መጨመር አያስፈልግም። በመትከያ ውስጥ ላለው «ተክል» የሚለው ትክክለኛ ቃል ነው፤ ከ«ተከለ» የመጣ በመሆኑ የሰው እጅ ያረፈበትን ነገር በደንብ ይገልጻል።

«አልፓይን» የአልፕስን ተራሮች ስም የያዘ ቃል ስለሆነ፣ እዚያ ስላለው ተራራ ለሚጽፍ ሰው ነውር የለበትም። ለጠቅላላው ሐሳብ ግን ገበሬዎቻችን የሰጡን ቃል አለ። ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ ካልን በኋላ ከሁሉም በላይ ያለውን፣ በተለመደው አከፋፈል ከ3,200 ሜትር ገደማ የሚጀምረውን ምድር «ውርጭ» እንለዋለን። በባሌ ተራሮች፣ 4,377 ሜትር ከፍታ ያለው ቱሉ ዲምቱ ባለበት በሳነቲ አምባ፣ ጅብራ ብቻውን ቀጥ ብሎ ሲቆም በዙሪያው ያሉት ሄሊክሪሰም የተባሉ ቁጥቋጦዎች ብርማ ቅጠላቸውን ይዘው ድቡልቡል ብለው ይታያሉ፤ የእርስዎ ተክል ዘመድ ባይሆኑም ለተመሳሳይ ብርድና ነፋስ ተመሳሳይ መልስ የሰጡ ናቸው። «ውርጭ» ሌላም ብልጫ አለው። ሲሌኔ አካውሊስ በአልፕስ ከፍ ያለ ተራራ ላይ የሚኖር ቢሆንም፣ በሰሜን ኖርዌይ እስከ ባሕር ዳርቻ ድረስ ወርዶ ይበቅላል። ስለዚህ «የተራራ ተክል» የሚለው ስም እዚያ ሲደርስ ይጎድላል፤ ከፍታውን ሳይሆን ብርዱን የሚጠራው «ውርጭ» ግን በሁለቱም ቦታ ይሠራል።

«ትራስ ዕፅ» ብሎ ሁለት ስሞችን እንዲሁ ማጎራበትን በተመለከተ፣ «ባሕር ዛፍ» የሚል ምሳሌ ቢኖረንም፣ የሕዝቡ የተክል ስሞች በብዛት የሚሠሩት በ«የ» ነው፤ «የምድር እምቧይ»፣ «የአህያ ጆሮ»። በዚሁ መንገድ መጀመሪያ «መከዳ መሰል የውርጭ ተክል» ብለው አብራርተው፣ ከዚያ በኋላ በአጭሩ «የውርጭ መከዳ» እያሉ ቢጽፉ አንባቢ ያለ ችግር ይከተልዎታል።

አንድ ነገር ግን ከስሙ ጋር አብረው ይጻፉ፤ «መከዳ» የአበቃቀል መልክ እንጂ የዘር ስም አይደለም። ሲሌኔ ከቅርንፉድ አበባ (ካርኔሽን) ወገን ሲሆን፣ አንድሮሳሴ የተባለው ሌላው የታወቀ የውርጭ መከዳ ፕሪሙላ ከተባለው አበባ ወገን ነው፤ አበባ ሳያወጡ ለጀማሪ ሊመሳሰሉ ይችላሉ። በሲሌኔ አካውሊስ ጠባቦቹ ቅጠሎች ጥንድ ጥንድ ሆነው ፊት ለፊት ይወጣሉ፤ አምስቱ የአበባ ቅጠሎችም እስከ መነሻቸው የተለያዩ ናቸው። በአንድሮሳሴ ግን ቅጠሎቹ በየቅርንጫፉ ጫፍ ክብ ሠርተው ይሰበሰባሉ፤ የአበባው ቅጠሎችም ከታች ተጋጥመው ቱቦ ይሆናሉ። በመሬት ላይ እየተሳበ በየደረሰበት ሥር የሚሰድደውን ተክል ደግሞ «ምንጣፍ መሰል» እንጂ «መከዳ መሰል» አይበሉት። «አካውሊስ» ራሱ በላቲን «ግንድ የለሽ» ማለት ነው።

ወደ ዐረፍተ ነገርዎ ስመጣ፣ ከሁሉም ያሳሰበኝ «ክረምት» ነው። ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ክረምት ከሰኔ እስከ መስከረም ያለው የዝናብ ወቅት ነው፤ በኖርዌይ ግን ያ ጊዜ ተክሉ የሚያድግበትና ውሃ የሚፈልግበት ነው። ምክርዎን እንደ ቃሉ የተከተለ ሰው በሐምሌ ውሃ ይከለክለውና ያደርቀዋል። «በብርዱ ወራት» ማለት ይሻላል። በተጨማሪም የሚጎዳው ማጠጣቱ ሳይሆን ውሃው መተኛቱ ነው፤ በተራራው ላይ ደረቅ በረዶ እንደ ጋቢ ይሸፍነዋል፣ በመትከያ ውስጥ ግን እርጥበቱ ሥሩና ቅጠሉ የሚገናኙበትን አንገት ያበሰብሰዋል። እኔ ብሆን እንዲህ እጽፈው ነበር፦ «ይህ ተክል በብርዱ ወራት ውሃ ከተኛበት አንገቱ በስብሶ ይሞታልና፣ አፈሩን በአሸዋና በጠጠር ያሳሱት፤ አንገቱንም ዙሪያውን በደቃቅ ጠጠር ያልብሱት።»