ለ5ኬ ሞተር የትኛው ካም? 288ቱን ተወው

ወንድሜ፣ ጥያቄህ «ዲኤክስ ኮሮላዬ ላይ 4ኬውን አውርጄ 5ኬ እየሠራሁ ነው፣ የመጀመሪያዬ ነው፣ 264 ዲግሪ ካም ልዘዝ ወይስ 288?» የሚል ነው። 4ኬና 5ኬ የቶዮታ ሞተሮች ናቸው። ካም ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ ነው፣ ዲግሪው ደግሞ ቫልቩ ክፍት የሚቆይበት ልክ ነው፣ በኮሎው (ፒስተኖቹ በሚያዞሩት ዘንግ) ዙር የሚቆጠር። ከሥሩ የመለሰልህ ሁሉ «ትልቁን ውሰድ» ብሎሃል። አትስማቸው፣ ቤንዚኑን የምትከፍለው አንተ ነህ።

የካም ካታሎግ የሚጻፈው ለባሕር ጠለል ነው። አዲስ አበባ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ ወደ ሦስት አራተኛ ይወርዳል። ጅቡቲ ላይ 180 ፒኤስአይ ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሩ ውስጥ የታመቀ አየር ግፊት) የሚያነብ ጤነኛ ሞተር እዚህ ወደ 140 ነው የሚያነበው። ትልቅ ካም ደግሞ የመግቢያ ቫልቩን አዘግይቶ ይዘጋል። ፒስተኑ ሽቅብ መውጣት ከጀመረ በኋላ ቫልቩ ገና ክፍት ስለሆነ የገባው አየር ከፊሉ በመጣበት ይመለሳል። በሳሳ አየር ላይ ይህ ሲጨመር ከ3,000 ዙር በታች ጉልበት አይኖርህም። ከለገሃር ተነስተህ ቸርችልን ስትወጣ ትራፊኩ መሀል በፍሪሲዮን ነው የምትታገለው።

ስለዚህ፦

1ኛ. ከካሙ በፊት ኮምፕሬሽን። ቴስታታውን (የሞተሩን ራስ) አስልተህ አስላጭ፣ 9 ለ1 የነበረውን የማመቂያ ንጥጥር ወደ 10 ለ1 ብታደርሰው እዚህ ከፍታ ላይ ብዙም አያስቸግርም። ግን አዋሽ ድረስ ቁልቁል የምትወርድ ከሆነ አየሩ ስለሚወፍር ሊያንኳኳ ይችላል፣ የካንዴላውን እሳት ታይሚንግ ትንሽ ወደኋላ መመለስ ይኖርብሃል።

2ኛ. ዲግሪውን በአንድ ሚዛን አወዳድር። አንዱ ሻጭ «264» ሲል ቫልቩ ገና ንቅንቅ ካለበት ጀምሮ ቆጥሮ ነው፣ ሌላው «215» ሲል ታፔቱ (ካሙ ላይ ተቀምጦ ፑሽሮድ የሚባለውን ዘንግ የሚገፋው) 1.27 ሚሊ ሜትር ከተነሳ በኋላ ቆጥሮ ነው። ሁለቱ አንድ ዓይነት ካም ሊሆኑ ይችላሉ። የ1.27ቱን ቁጥር ሳይነግርህ ለሚሸጥ ሰው ገንዘብ አትላክ። ባንኮኒው ላይ ቆሞ «ሲሲው ስንት ነው?» ብቻ ጠይቆህ ዕቃ የሚያወርድልህንማ እንኳን ካም ካንዴላም አትግዛው። ለከተማ መኪና በ1.27 ሚሊ ከ205 እስከ 215 ይበቃሃል። በመግቢያውና በአስወጪው ሎብ (ቫልቩን የሚያነሳው የካሙ ጉብታ) መሀል ያለው ማዕዘን ደግሞ 108 ወይም 110 ይሁን። 104 ከሆነ ሁለቱ ቫልቮች አብረው ክፍት የሚሆኑበት ጊዜ ይረዝማል፣ ሚኒሞው ይንቀጠቀጣል፣ ቫኪዩሙም (የሞተሩ የመሳብ ኃይል) ይወርዳል።

ቫኪዩሙ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ማንም ስላላነሳው። ባሕር ጠለል ላይ 18 እስከ 20 ኢንች ሜርኩሪ የሚያሳይ ሞተር እዚህ ከ11 እስከ 13 ነው የሚያሳየው። የፍሬን ሰርቮህ (ፔዳሉን የሚያቀልልህ ዕቃ) በዚች ነው የሚኖረው። 288ቱን ስታስገባ ከ8 በታች ሊወርድ ይችላል፣ ከፒያሳ ቁልቁል ስትወርድ ሁለተኛዋ ፍሬን ላይ ፔዳሉ ድንጋይ ይሆንብሃል። «ፍሬኑን አስተካክልልኝ» ብለህ ጋራዥ ለጋራዥ ትዞራለህ፣ ጥፋቱ ካሙ ነው።

ከፍታውን፣ ማለትም ቫልቩ የሚከፈትበትን ልክ፣ በሮከሩ (ቫልቩን የሚጫነው ክንድ) ንጥጥር አባዝተህ አስላው። ሎቡ 6.5 ሚሊ ቢሆንና ሮከሩ 1.5 ቢሆን 9.75 ነው፣ 0.25 የቫልቭ ክሊራንስ (ክፍተት) ሲቀነስ 9.5። ቫልቩ ይህን ያህል ሲከፈት የሞላው ቀለበቶች ከመነካካታቸው በፊት ቢያንስ 1 ሚሊ ትርፍ ይኑር፣ የሞላው ቆብም የቫልቭ ጎሚኒውን እንዳይመታ 1.5 ሚሊ ይራቅ። ቴስታታውን ካስላጨህ ቫልቩ ወደ ፒስተኑ ቀርቧል። ልጆች የሚጫወቱበትን ባለቀለም ጭቃ ከጽሕፈት መሣሪያ መደብር ገዝተህ ፒስተኑ ላይ ለጥፍ፣ ዘይት ቀባ አድርገው፣ በአሮጌው ጓርኒሲዮን (የቴስታታው ማሸጊያ) ቴስታታውን እሰርና ኮሎውን በእጅህ ሁለት ሙሉ ዙር አዙር። ከከበደህ አቁም፣ አታስገድደው። ፈትተህ ጭቃውን በምላጭ ቁረጥ፣ ቀጭኑ ቦታ በመግቢያው 2 ሚሊ፣ በአስወጪው 2.5 ሚሊ ካላነሰ ጥሩ ነው።

አሁን ገንዘብ ወደሚበላው ስህተት። ከሶማሌ ተራ ያወረድከው 5ኬ ሃይድሮሊክ ታፔት ያለው ነው ወይስ በእጅ የሚስተካከል? ሁለቱም አለ፣ የካሙ ቅርጽም ለየቅል ነው። ሳታረጋግጥ አትዘዝ። ደግሞም አዲስ ካም በአሮጌ ታፔት አይገባም፣ በፍጹም። አሮጌው ታፔት ከአሮጌው ሎብ ጋር ተስማምቶ የተበላ ነው። አዲሱን ሎብ በደቂቃዎች ውስጥ ይልጠዋል፣ ብረቱ ከዘይቱ ጋር ዞሮ ብሮንዚኑን (ኮሎው የሚዞርበትን ማረፊያ) ይጨርሳል። ስምንት ታፔት ለመቆጠብ ሙሉ ሞተር መክፈል ማለት ነው። «አሮጌውን ካም በቶርኖ ልጬ ስፖርት አደርግልሃለሁ» የሚልህም ቢመጣ፣ ሎቡ ሲላጭ ጠንካራው ቆዳ ሊነሳ እንደሚችል፣ መሠረቱ ስለሚያንስም ረዘም ያለ ፑሽሮድ ሊያስፈልግ እንደሚችል ጠይቀው። መልስ ከሌለው ሻይህን ጠጥተህ ውጣ።

ስትገጥመው ካሙን ከኮሎው ጋር በሚያገናኘው ካቴና ምልክት ብቻ አትመን፣ የረዘመ ካቴና ካሙን ያዘገያል። ኮሎው ላይ የዲግሪ ሰሌዳ እሰር፣ ታፔቱ ላይ ዳያል ጌጅ (እንቅስቃሴ የሚለካ ሰዓት) አስቀምጥ። ከጫፉ ከፍታ 1.27 ሚሊ ዝቅ ያለበትን በሁለቱም ወገን አንብብ። 66 እና 146 ዲግሪ ካነበብክ ደምረህ ለሁለት ስትከፍለው 106 ነው፣ ከካሙ ጋር በሚመጣው ካርድ ላይ ካለው ጋር አመሳክር። ልዩነቱ ከ2 ዲግሪ ከበለጠ አስተካክለው። ለኛ ከተማ ከሚዘገይ 2 ዲግሪ ቢቀድም ይሻላል።

ሎቦቹንና የታፔቶቹን ሥር በሞሊብዴነም ቅባት ቀባ፣ የዘይቱን ፖምፓ አስቀድመህ ሙላ፣ ዲስትሪቢዩተርና ካርቡራተር በመጀመሪያው እስታርት እንዲነሳ ሆነው ይስተካከሉ። ረጅም እስታርት ሎብ ይበላል። እንደተነሳ ሚኒሞ ላይ አታስቀምጠው፣ ከ2,000 እስከ 2,500 ዙር እያቀያየርክ 20 ደቂቃ ያዘው፣ ዚንክ የበዛበት ዘይት ተጠቅመህ። ጎረቤት ቢጮህም አታጥፋው፣ ውኃ ካልፈላ በቀር። ከዚያ ዘይቱንና ፊልትሮውን ቀይር፣ አሮጌውን ፊልትሮ ቀደህ ብረት እንዳለው በማግኔት እይ።

ከመግዛትህ በፊት ሁለት ታፔት አውጥተህ ሥራቸውን አገጣጥመህ አንቀሳቅስ። ጤነኛ ታፔት ሥሩ ትንሽ ጎበጥ ያለ ስለሆነ ይወዛወዛሉ። ድርቅ ብለው ከተጣበቁ ተበልተዋል። ፎቶውን ከኮምፕሬሽን ንባቡ ጋር እዚህ ለጥፈው፣ ካሙን ከዚያ እንነጋገራለን።