ስታትስቲክስ የሚያስጨንቃችሁ፣ ጠይቁኝ

ጅማ ላይ ለጤናና ለግብርና ተማሪዎች ስታት አስጠናለሁ። እኔም የመጀመሪያ ሚዴን ከ30 7 ያገኘሁ ነኝና ማንም አይፈር።

ጥያቄ፦ ክፍል ውስጥ ይገባኛል፤ የፈተና ወረቀት ሳይ ግን እጄ ይንቀጠቀጣል። ሒሳብ አልችልም ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለም እህቴ። የስታት ፍርሃት ከሒሳብ ፍርሃት ጋር ቢዛመድም ራሱን የቻለ ነገር ነው። በ1985 እ.ኤ.አ. የወጣ መለኪያ እንኳ አለው፤ ፈተናን፣ ውጤት መተርጎምን፣ መምህሩንና እርዳታ መጠየቅን መፍራት ለየብቻ ይለካል። እኔ በብዛት የማየው የመጨረሻውን ነው። «ያልገባው አለ?» ሲባል ሁሉም አንገቱን ይደፋል፤ ማታ ዶርም ገብቶ ጓደኛውን ይጠይቃል። ጓደኛውም አልገባውም።

ጥያቄ፦ የስታንዳርድ ዴቪዬሽንን ፎርሙላ ሸምድጃለሁ። ምን እንደሆነ ግን እንጃ።

መልስ፦ ፎርሙላውን ለጊዜው ተወው። ከመርካቶ ወደ ግቢ ለመምጣት አምስት ቀን ባጃጅ ጠበቅህ እንበል፦ 4፣ 6፣ 5፣ 7፣ 8 ደቂቃ። አማካዩ 6 ነው። እያንዳንዱ ከ6 የራቀበትን በራሱ አባዛና ደምር፤ 10 ይመጣል። ለ4 ስታካፍለው 2.5፣ ሥሩ 1.6 ገደማ። ጥበቃህ ከ6 ደቂቃ ወዲያና ወዲህ የሚዋዥቀው በዚህን ያህል ነው። ጓደኛህ ደግሞ 1፣ 1፣ 2፣ 11፣ 15 ደቂቃ ጠበቀ። የእሱም አማካይ 6 ነው፤ ክፍል የሚያረፍደው ግን እሱ ነው።

ጥያቄ፦ ቀኑ አምስት፣ ማካፈሉ ለ4?

መልስ፦ ከአማካዩ ያሉት ልዩነቶች ሲደመሩ ሁልጊዜ ዜሮ ናቸው። አራቱ ከታወቁ አምስተኛው ምርጫ የለውም። በነፃ የሚለዋወጡት አራት ብቻ ስለሆኑ ነው ለ4 የምናካፍለው።

ጥያቄ፦ ልጆች አሳድጌ ነው ማስተርስ የገባሁት። ፒ ቫልዩ 0.03 ምን ማለት እንደሆነ አማካሪዬን መጠየቅ አፈርኩ።

መልስ፦ እትዬ፣ በእውነቱ ልዩነት ባይኖር ኖሮ፣ ያገኙትን ያህል ወይም ከዚያ የሰፋ ልዩነት በአጋጣሚ የማየት ዕድሉ ከ100 3 ነው። «ግምቴ 97 በመቶ ልክ ነው» እንዳይሉ ብቻ፤ ዲፌንስ ላይ ብዙ ሰው የሚያዘው እዚህ ጋ ነው።

ጥያቄ፦ ስሌቱን የሚሠራልን የኮምፒውተር ፕሮግራም ኤስፒኤስኤስ እያለ ምን አስጨነቀን?

መልስ፦ ወንድን 1፣ ሴትን 2 ብለህ አስገባና የጾታ አማካይ አውጣ በለው። 1.4 ብሎ ያወጣልሃል፤ አያፍርም።

ጥያቄ፦ የሁለት ቡድን አማካይ የምናወዳድርበት ቲ-ቴስት ለምን የ«ስቱደንት» ተባለ? ለእኛ ታስቦ ነው?

መልስ፦ አሳቅከኝ። ደብሊን የጊነስ ቢራ ፋብሪካ ይሠራ የነበረው ዊልያም ጎሴት በጥቂት ናሙና መወሰን ነበረበት። ፋብሪካው በስሙ እንዲያሳትም ስላልፈቀደለት በ1908 እ.ኤ.አ. «ስቱደንት» ብሎ አወጣው። የጠማቂ ችግር ነው እንግዲህ የሚያስጨንቀን።

ጥያቄ፦ ፋይናል ሰኞ ነው። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ከአሮጌ ፈተና ሦስት ጥያቄ ሰዓት ይዘህ ሥራ። የቆምክበትን መስመር አስምርበትና ነገ መምህሩ ቢሮ ግባ። «አልገባኝም» አትበል፤ «እዚህ ጋ ቆምኩ» በል።